ባሕሩ በነበረበት የቆመው ሰው

ፐርሲቫል ሴኬራ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተወልዶ ባሕር የሚፈራ ልጅ ነበር። አባቱ ይዞት በወጣ ቁጥር ጀልባዋ ገና ከዳር ሳትርቅ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ከመረቡ አጠገብ ተጠቅልሎ ይተኛል። ታናሹ ክሌመንት ደግሞ ጎትተው ካላወጡት ከውሃ አይወጣም። ማሌዥያ፣ ማላካ ከተማ ውስጥ፣ ከፖርቱጋሎች በተወለድነው በእኛ በክርስታንጎቹ ሰፈር፣ ባሕር የሚፈራ ወንድ ማለት በሬ የሚፈራ ገበሬ እንደ ማለት ነው። አባትየው ግን አልሰደበውም። አንድ ቀን ጠዋት እሑድ እሑድ ለቅዳሴ የሚለብሳትን ሸሚዝ አልብሶ ከተማ ወሰደውና ሚስተር ጉዋን ለሚባል ባለ ፎቶ ቤት አስረከበው።

"ይሄ ልጅ ውሃ አይወድም፤ ደረቅ ሥራ ስጠው" አለው።

ጉዋን ሳቀና ልጁን ጨለማ ክፍል አስገብቶ ፎቶ ማጠብ አስተማረው። ቀልዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሽምግልናው ተከተለው፤ "ፐርሲ በውሃ የሚችለው ፎቶ ማጠብ ብቻ ነው!"

እኔ ሬጂና ነኝ። ቤታችን ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት ነው። አጎቴ ፐርሲ የምለው በሥጋ ተዛምደን ሳይሆን እኛ ዘንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ሁሉ አጎት ስለሆነ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። የጣቶቹ ጫፍ ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት የተነሳ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። የከተማው ሰው ግማሹ የሠርጉንና የልጆቹን ፎቶ በእሱ እጅ ታጥቦ ነው ያየው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የሚመታው ማኅተም ግን "ጉዋን ፎቶ ቤት" ይላል። ፐርሲ የሚል ስም የትም የለም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን እንደሚቆረቁረው ከሚስቱ ከኢርማ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ባዶ ሆነ። ሚስተር ጉዋን ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ዕቃውን ወደ ውጭ ሲያወጡ ፐርሲ ቆሞ ያይ ነበር። ከሚጣለው መሃል ሽማግሌው በወጣትነቱ፣ ከተማውንና የባሕሩን ዳርቻ በእግሩ እየዞረ ያነሳቸው አሮጌ ፎቶዎች ነበሩ። መንገዶች፣ ድልድዩ፣ ወንዙ ላይ የቆሙ የጭነት ጀልባዎች፣ የእኛ ሰፈር።

"ይሄ ይጣላል?" ብሎ ጠየቀ።

"አጎቴ፣ ምስጥ የበላው ወረቀት ነው፤ ከፈለጉ ይውሰዱት" አለችው የጉዋን ልጅ።

ሥራ አጥቶ ቤት መቀመጥ ሥራ ለለመደ ሰው መርዝ ነው። ኢርማ የሩዙን ድስት በከደነች ቁጥር "ክዳኑ ጠሟል" ይላታል፤ ልብስ ስታሰጣ "ጥላ ላይ አሰጣሽው" ይላታል። መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ሙት!" አለችው። "ሁለቱንም ካልቻልክ ካሜራህን ይዘህ ከቤቴ ውጣልኝ።"

እሱም ካሜራውንና ከአሮጌዎቹ ፎቶዎች አንዱን ይዞ ወጣ። ድልድዩ ያለበትን ነበር የያዘው። ሽማግሌው ጉዋን የቆመው የት እንደሆነ ለማወቅ የፎቶውን የጣሪያ ጫፍ ከኮረብታው ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያስተያያል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ እንደገና ያያል። ሁሉም ነገር ልክክ ሲልለት አነሳው። ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለኢርማ አሳያት። በአሮጌው ፎቶ ድልድዩ ላይ ጋሪ የሚጎትት ሰው አለ፤ በአዲሱ እዚያው ቦታ ላይ አንዲት ቱሪስት የራሷን ፊት ፎቶ ታነሳለች። ኢርማ እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘ ማለት ይቻላል። በየቀኑ ይወጣል። ኢርማም አንዳንዴ ጃንጥላ ይዛ ትከተለዋለች፤ "ሰውየው አብዷል ሲሉኝ፣ ጃንጥላ ያዥዋ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ" ትለን ነበር። ሲኒማ ቤቱ የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። የልብስ ሰፊው ሱቅ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ አልተለወጠም፤ እሱም ቢሆን ማስታወቂያ ተቸንክሮበታል። ፐርሲ እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በካርቶን ላይ ይለጥፋል። እኛም እናያለን፣ እንስቃለን፣ ከንፈራችንን እንመጥጣለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከፎቶዎቹ መሃል አባቱን አገኘ።

በፎቶው ላይ አባቱና ሌሎች የሰፈሩ ሰዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። በሁለት ረጃጅም እንጨት የተወጠረውን መረብ ወደፊት ይገፋሉ፤ ገራጎ ነው የሚይዙት፤ ገራጎ እናቶቻችን በጨው የሚያቦኳት፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሽሪምፕ ናት፤ የከተማው ሰው ሲሰድበን "እናንተ ገራጎዎች" የሚለን በእሷ ስም ነው። ከሰዎቹ ጀርባ ቤቶቻችን ይታያሉ፤ ባሕሩ እስከ ደጃፋቸው ይደርሳል። ሽማግሌው ጉዋን ይህን ያነሳው ከጀልባ ላይ ሆኖ ነው።

ፐርሲ ፎቶውን ለወንድሙ ወሰደለት። ክሌመንት ጀልባውን ጠግኖ ሲጨርስ እጁን በቁምጣው ጠረገና ተቀበለው። ረዥም ጊዜ አየው።

"ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር" አለ። "እዚህ ግን እየሳቀ ነው።"

"ጉዋን ቀልድ ነግሮት ይሆናል።"

"ቀልድ አይደለም። መረቡ ሞልቶለት ነው። መረቤ ሲሞላ እኔም እንዲያ እስቃለሁ፤ አንተ አታውቀውም" አለና ፎቶውን መለሰለት።

ፐርሲ ይህን ፎቶ ከዛሬው ጋር ማጣመር ፈለገ። ችግሩ ጀልባዋ የነበረችበት ቦታ ዛሬ ውሃ አይደለም። ባሕራችንን በአሸዋ መሙላት የጀመሩት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። በመጀመሪያ በስተግራ፣ ከዚያ በስተቀኝ፣ ከዚያ ከፊት ለፊት ሆቴል። ለእኛ የቀረችን አንዲት ጠባብ የውሃ ምላስ ነበረች፤ ክሌመንትና የቀሩት ጥቂት አጥማጆች በእሷ እየሾለኩ ይወጡ ነበር። ፐርሲ የቤቶቹን ጣሪያ እያስተያየ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ የአበባ መደብ ረግጦ ሄደ ሄደና አንድ የመስታወት በር ገፍቶ ገባ። የአፓርታማ ሽያጭ ቢሮ ነበር። የጉዋን ጀልባ የነበረችው፣ በሂሳቡ፣ ከትልቁ ነጭ ሶፋ አጠገብ ነው።

ጥበቃው ሊያስወጣው ሲል ሚስ ዮንግ የምትባል ሴት ከውስጥ መጣች። አፓርታማውንና ሆቴሉን የሠራው ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበረች፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ድምጿ ለስላሳ።

"አጎቴ፣ ምን ልርዳዎት? ቤት ሊያዩ ነው?"

"የለም ልጄ፤ አባቴ እዚህ ጋ ዓሣ ሲያጠምድ የተነሳው ፎቶ ነበር፤ እኔም ከዚሁ ቦታ ላንሳ ብዬ ነው።"

አልሳቀችበትም። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችው፣ አሮጌውን ፎቶ በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው፣ ዓይኗ እርጥብ አለ። እኔ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም እንባዋ የውሸት ነበር አልልም። ሶፋውን አስነስታለት በመስኮቱ በኩል አነሳ። አዲሱ ፎቶ ላይ የሚታየው የሆቴሉ ግድግዳና የቤቶቻችን ጣሪያ ጫፍ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የሳን ፔድሮ፣ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ፣ በዓል ሲደርስ፣ ቄሱ ጀልባዎቹን በሚባርኩበት ቀን፣ ፐርሲ ጥንዶቹን በሙሉ በሰፈሩ አዳራሽ ሰቀለ። ጭፈራ የጠበቀ ሰው ለቅሶ ቤት ገባ። አሮጊቶቹ ወንበር እየሳቡ ፎቶዎቹ ሥር ተቀምጠው የሞቱትን በስም ይጠሩ ጀመር። "ይሄ ማርሴል አይደለም? እግዚኦ፣ ጥርሱን እዩት!" "የእናቴ ደረጃ! ይሄ ደረጃ እኮ ከባሕሩ ይጀምር ነበር!" ወጣቶቹ ወደ ፎቶዎቹ ተጠጉ። ባሕሩ ደጃፋችን ድረስ ይመጣ እንደነበር ሲነገራቸው ኖረዋል፤ ያዩት ግን ያን ዕለት ነው።

ክሌመንት ከአዳራሹ ጥግ ቆሞ ነበር። ሰው ሲሳሳ ወደ ወንድሙ መጣ።

"ስማ፣ እስከ ዛሬ ስቀልድብህ ኖሬያለሁ።"

"ለምጄዋለሁ።"

"ዛሬ አልቀልድም። የቀረችውን ውሃ ሊሞሏት እንደሆነ ሰምተሃል። እኛ አቤት ብለናል፤ አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ቀን ሰጥቶናል። እኔ እዚያ ሄጄ ባሕር ነበረን፣ ቀሙን ብል ማን ይሰማኛል? ይሄን ባሳያቸው ግን…" በእጁ ግድግዳውን አመለከተ። "ስጠኝ። ከጎኔ ቁምና አንተ ራስህ አስረዳቸው።"

ፐርሲ ደነገጠ። ወንድሙ አንድ ነገር ለምኖት አያውቅም። "እሺ፤ ያንተ ነው፣ ሁሉም ያንተ ነው" አለው። ክሌመንት ትከሻውን መታ አደረገውና ወጣ። ኢርማ ያን ዕለት ባሏ በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንደ ሙሽራ ሲያፏጭ አመሸ ብላ ነግራኛለች።

ሚስ ዮንግ በበዓሉ ማግስት አካባቢ ኬክ ይዛ ቤታቸው መጣች። ወሬው ደርሷታል። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ ጥንዶቹን አንድ በአንድ አየች።

"አጎቴ፣ ይሄ በአዳራሽ ተሰቅሎ የሚቀር ሥራ አይደለም" አለችው። "ሆቴላችን ትልቁ ሳሎን ውስጥ ኤግዚቢሽን እናዘጋጅልዎት። መጽሐፍም ይወጣል። በሽፋኑ ላይ ስምዎ፤ ፐርሲቫል ሴኬራ። ባለሥልጣኖች ይመጣሉ፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። የሰፈራችሁን ታሪክ ካላዩት እንዴት ያዝኑላችኋል?"

ኢርማ ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ደብ አደረገችው።

"የኔ እህት፣ የሚሞላው ባሕር የማን ነው? የእናንተ ኩባንያ አይደለም የሚሞላው?"

"እሱ ሌላ ክፍል ነው አክስቴ። እኔ ባህልና ታሪክ ላይ ነው የምሠራው።"

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ኢርማ ለባሏ፣ "መጀመሪያ ለክሌመንት ንገረው" አለችው።

"እነግረዋለሁ።"

"ዛሬ ንገረው። ደግሞ ያመጣችውን ወረቀት ለቄሱ አስነብብ። አንተ ሌንስ ነው የምታውቀው፤ ውል አታውቅም።"

"ሴትዮ፣ ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ማኅተም ስሠራ ኖርኩ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜ ይጻፍ!" ብሎ ጮኸ። ኢርማ ጮሆባት ስለማያውቅ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ለማንም ሳይነግር ፈረመ። ሥራው አምሮ ሲያልቅ ለክሌመንት አሳየዋለሁ ብሎ ራሱን አታለለ መሰለኝ። አሮጌዎቹንም አዲሶቹንም የኩባንያው ሰዎች ለማባዛት ብለው በመኪና ጭነው ወሰዷቸው።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ ዕለት ፐርሲ የሠርጉን ሱፍ ለበሰ። ኢርማ አብራው ሄዳለች፤ የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ከመግቢያው በላይ በትላልቅ ፊደል "ከጭቃ ወደ ከተማ" ተብሎ ተጽፏል። የአባቱ ፎቶ የሰው ቁመት አክሎ ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ "ድሮ፦ ድህነትና የጉልበት ልፋት" ይላል። ከጎኑ እሱ ከሶፋው አጠገብ ያነሳው ፎቶ የለም፤ በምትኩ ከሰማይ በድሮን የተነሳ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያብረቀርቅ የሆቴሉ ፎቶ ነው ያለው። ከሥሩ "ዛሬ፦ ዕድገት" ይላል። ስሙ ግን አልቀረም። በወርቃማ ፊደል፣ ሁሉም ጥንድ ሥር አለ። ፐርሲቫል ሴኬራ። ፐርሲቫል ሴኬራ። ፐርሲቫል ሴኬራ።

ሚስ ዮንግን ከሰው መሃል ፈልጎ አገኛት።

"ልጄ፣ ይሄ እኔ ያልኩት አይደለም። አባቴ ድሃ አልነበረም። ዓሣ ይበላ ነበር፣ ቤት ነበረው፣ ይስቅ ነበር፤ እዪው እስቲ!"

"አጎቴ፣ ጽሑፉን ያጸደቁት ከላይ ነው። እኔም ተከራክሬ ነበር፤ አልሰሙኝም" አለችው። ከዚያ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ የፐርሲን እጅ ጨበጠ፣ ካሜራዎች ብልጭ ብልጭ አሉ፣ እሱም ፈገግ አለ። ኢርማ ያን ፈገግታ ለረጅም ጊዜ አልረሳችለትም። "እኔ ከኋላው ቆሜ ሱፉን ስጎትት፣ እሱ ለካሜራ ጥርሱን ያሳያል" ትላለች።

ያኔ እንኳ ለወንድሙ ቢነግረው ይሻል ነበር። አልነገረውም። ከሰፈራችን ሰው ማን ሆቴል ገብቶ ያያል ብሎ ተስፋ አደረገ። ክሌመንት ፎቶዎቹን ሲጠይቀው "እያጸዳኋቸው ነው" ይለዋል፤ በሌላ ቀን ሲጠይቀው "ለቀኑ ይደርሳሉ" ይለዋል። ለቀኑ በስልኩ የነበሩትን ጥቂቶች በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ይዞ መጣ። ክሌመንት ፊቱን አጠቆረ።

አቤቱታው በሚሰማበት አዳራሽ እኔም ነበርኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ነበር። ክሌመንት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተናገረ። አጭር ነበር፤ ውሃ የለም ማለት እኛ የለንም ማለት ነው አለ። ፐርሲ ከጎኑ ቆሞ ትንንሾቹን ፎቶዎች ለኮሚቴው አደለ። ሰዎቹ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ተነሳ። የሚያምር ትልቅ መጽሐፍ ይዟል።

"ክቡራን" አለ፣ "ይህ የሰፈሩ ተወላጅ የሆኑት አቶ ሴኬራ በፈቃዳቸውና በፊርማቸው ያወጡት ሥራ ነው። በግራ ገጽ ባሕር አለ። በቀኝ ገጽ የለም። ይህ የሆነው ዛሬ አይደለም፣ ድሮ ነው። አካባቢው የዓሣ ማጥመጃ መሆኑ ካቆመ እንደቆየ የሚመሰክሩት እኛ ሳንሆን እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከሰዎቹ ላይ የሌለ ነገር እንዴት ሊወሰድ ይችላል?"

ክሌመንት ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ።

"ፐርሲ፣ ይሄ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው፤ ግን እነሱ…"

"ግኑን ተወው። የፈረምከው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

ክሌመንት ከፊቱ የቀሩትን ትንንሽ ፎቶዎች ሰበሰበና በእርጋታ በወንድሙ እጅ ላይ አስቀመጠለት። "እንካ። ስምህ የሌለባቸው እነዚህ ናቸው" ብሎት ወጣ። ሰፈሩም እየተነሳ ተከተለው። እኔም ተነስቼ ወጣሁ። አጎቴ ፐርሲ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ኮሚቴው ለኩባንያው ፈቀደ። በእኛ ላይ የፈረዱት በመጽሐፉ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ምናልባት ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ይሆናል። ሰፈሩ ግን እንዲያ ብሎ አመነ። ፐርሲ ሲያልፍ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። አንዲት አሮጊት፣ በበዓሉ ቀን የእናቷን ደረጃ አይታ ያለቀሰችው፣ በመንገድ ላይ አስቁማው "የእናቴን ደጅ መልስልኝ" አለችው። ኢርማን በቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚላት ጥቂት ነበር። እሷ ግን አንገቷን አልደፋችም። "ባሌ ሞኝ ነው፤ ሌባ አይደለም" ትላለች፣ በሚሰማትም በማይሰማትም ፊት።

ፐርሲ ፎቶዎቹን ለማስወረድ ወደ ኩባንያው ተመላለሰ። ሚስ ዮንግ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች ተባለ። ውሉ የፎቶዎቹን መብት ለኩባንያው ነው የሰጠው ተባለ። ሲሰለቸው በቀጥታ ሆቴሉ ገብቶ ከአባቱ ፎቶ ሥር መቆም ጀመረ። ለሚያልፈው እንግዳ ሁሉ፣ "ይቅርታ፣ የተጻፈው ልክ አይደለም። ይሄ አባቴ ነው። ይሄኛው ማርሴል ነው። እነዚህ ሰዎች የተቸገሩ አልነበሩም፤ ያን ቀን መረባቸው ሞልቶ ነበር" ይላል። ቱሪስቶቹ አስጎብኚ መስሏቸው ያመሰግኑታል፤ አንዳንዱም ከእሱ ጋር ፎቶ ይነሳል። ጥበቃዎቹ ለጥቂት ጊዜ ታገሱት፣ ከዚያ ክንዱን ይዘው አስወጡት። በሌላ ጊዜ ሲመለስ ከበሩ ከለከሉት።

አሸዋ የጫኑት መርከቦች የመጡት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ቀን በቀን ትልቁ ቱቦ ጭቃማ አሸዋ ይተፋል፤ ውሃው ቡና መስሎ ከረመ፣ ከዚያ ወፈረ፣ ከዚያ ቀረ። የክሌመንት ጀልባ በጭቃው ላይ በአንድ ጎኗ ተኝታ ቀረች። ሊገዛት የሚፈልግ ምግብ ቤት ነበር፤ ለጌጥ ደጁ ላይ ሊያቆማት። ክሌመንት መጥረቢያ አምጥቶ ራሱ ፈለጣት። ፐርሲ ካሜራውን ሳይዝ ከርቀት ቆሞ አየ፤ ቀርቦ ላግዝህ ለማለት ድፍረት አላገኘም።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ መንገድ ላይ እየኖሩ ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ። ከዚያ የፐርሲ ልብ ደከመ። እግሩ አበጠ፣ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ መጨረሻ ላይ አልጋ ያዘ። ኢርማ አንድ ቀን ጠዋት ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወደ ክሌመንት ቤት ስትሄድ አየኋት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ከምሳ በፊት ክሌመንት ዓሣ ያለበት ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። እኔም በሽተኛ ለመጠየቅ እዚያው ነበርኩ።

"ጥሩ ዓሣ ነው" አለ ፐርሲ፣ ሌላ የሚለው ስላጣ።

"ከሱፐርማርኬት ነው። በረዶ ውስጥ የከረመ። ዓይኑን አታየውም?" አለው ክሌመንት። ኢርማ በታማሪንድና በቃሪያ ሾርባ ሠራችው። ክሌመንት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ወንድሙን በማንኪያ ያበላው ጀመር።

ፐርሲ ትንሽ ቀምሶ እጁን አነሳ።

"ክሌመንት፣ ይቅር በለኝ።"

ክሌመንት ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠው። "የተበደልኩት እኔ ብቻ ብሆን ቀላል ነበር" አለ። "አብረውኝ ያጠምዱ የነበሩት የእነ ፍራንሲስ ልጆችስ? ሲንጋፖር ሄደው የሰው ሽንት ቤት የሚያጥቡት? ስለነሱ ሆኜ ይቅር ልልህ አልችልም። እኔ የመጣሁት ኢርማ ስላለቀሰች ነው።"

"መምጣትህ ይበቃኛል።"

"አይበቃህም። እኔንም አይበቃኝም።" ማንኪያውን እንደገና አነሳ። "በል ብላ አሁን፤ ሾርባው ቀዘቀዘ።"

ከዚያ በኋላም በየቀኑ መጣ። አብልቶት፣ ጀርባውን አገላብጦለት፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። አጎቴ ፐርሲ በየካቲት አረፈ። በቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ክሌመንት ሬሳ ሳጥኑን ከፊት ተሸክሟል። ከመቃብር ስንመለስ ቄሱ ሊያጽናኑት፣ "መቼም ሳትታረቁ አልተለያያችሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉት።

"አልታረቅንም፣ አባ" አላቸው። "ሾርባ ነው ያበላሁት።"

ኢርማ ቤቱን ዘግታ እህቷ ዘንድ ጆሆር ገባች። ስትሄድ ካሜራውን ለእኔ ልትሰጠኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱን ግን በደንብ ልነግራት አልቻልኩም። ክሌመንት ባሕሩ በተሞላበት ቦታ ላይ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሰማያዊ ሸሚዝ አድርገውለታል፤ አንገቱ ላይ ይጠበዋል። ቤት ሊያዩ የመጡ ሰዎች ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ሲጠይቁት፣ "በሊፍቱ ወደ ላይ ውጡ፤ ከጣሪያው ላይ ይታያል" ይላቸዋል። በዚያ በኩል ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቅልኛል እንጂ አይናገረኝም፤ እኔም ቆሜ ላናግረው አልሞከርኩም።